ጭራቁና ዝምተኛዪቱ ከተማ

የሰው ልጅ ከፍርሃት ለመሸሽ ቤት ይሠራል፤ በር ይዘጋል፤ መብራት ያበራል፤ ዘበኛም ይቀጥራል። ይኸው ሰው ደግሞ በዕረፍት ቀኑ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ፣ ሰልፍ ይዞ፣ ከጨለማ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ «እንግዲህ አስፈራሩኝ» ብሎ ይቀመጣል። ነገሩ ላሰበው ሰው የሚያስቅ ነው። ዳሩ ግን አዲስ ነገር አይደለም። በእሳት ዳር ስለ ጭራቅና ስለ አያ ጅቦ ሲተረት፣ ልጆች በጋቢ ተሸፋፍነው ወደ እናታቸው እየተጠጉ «ከዚያስ?» እያሉ የኖሩት፣ ፍርሃትን በሰው መካከል ተቀምጠው ሲቀምሱት ስለሚጣፍጥ ነው። ሲኒማ የወረሰው ይህንኑ የእሳት ዳር ወንበር ነው።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ከአንድ ጓደኛው ጋራ ወደ ቤቴ መጣ። የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ጓደኛው ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ከያዘ ገና ዓመት አልሞላውም። ማታ ሦስታችንም ተቀምጠን «ኢት» የተባለውን የአሜሪካን አገር ፊልም አየን። ፊልሙ እንዳለቀ ተማሪው፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ አስፈሪ ፊልም አይቼ አላውቅም፤ በጣም ግሩም ነው» አለ። ጓደኛው ግን፣ «ምኑ ነው ግሩም? ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ ያየነው ጩኸትና ጥርስ ብቻ ነው» ብሎ ነቀፈው። እኔም ሁለታችሁም በከፊል ልክ ናችሁ አልኋቸው። ነገር ግን አንድን ፊልም «ያስፈራል» ወይም «አያስፈራም» ብሎ ብቻ መፍረድ፣ ስለ አንድ ወጥ «ያቃጥላል» ወይም «አያቃጥልም» ብሎ እንደ መፍረድ ያለ ነው። ቁም ነገሩ፣ በምን ያስፈራል? ስለ ምንስ ያስፈራል? የሚለው ነው። ያን ማታ ስንከራከርበት ያመሸነውን ነገር ለአንባቢ ለማካፈል ያህል እነሆ ጽፌዋለሁ።

የፊልሙ አመጣጥ

የታሪኩ ደራሲ ስቲቨን ኪንግ ይባላል። በ1947 እ.ኤ.አ. ሜይን በተባለችው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት የተወለደ፣ በአስፈሪ ልብ ወለድ ድርሰቶቹ እጅግ የታወቀ ሰው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ በ1986 ሲታተም ከ1,100 ገጽ በላይ ነበረው። በ1990 በሁለት ክፍል ተዘጋጅቶ በቴሌቪዥን ታየ፤ በዚያን ጊዜ ጭራቁን ሆኖ የተጫወተው ቲም ከሪ የተባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ ነበር። እኛ ያየነው ግን በሴፕቴምበር 2017 ሲኒማ ቤት የገባውን፣ የአርጀንቲናው ተወላጅ አንዲ ሙስኪዬቲ ያዘጋጀውን ነው። ይህ ፊልም 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብቷል። ስለዚህ የጥቂት አዋቂዎች ብቻ የሆነ ረቂቅ ሥራ ሳይሆን ሕዝብ ተጋፍቶ ያየው ፊልም ነው።

«ኢት» በእንግሊዝኛ ለግዑዝ ነገር የሚነገር ተውላጠ ስም ነው። ወደ ቋንቋችን ስንመልሰው «ያ ነገር» እንደ ማለት ይሆናል። ሰው የሚፈራውን በስሙ መጥራት አይወድም፤ እኛስ «ስሙን ቄስ ይጥራው» እንል የለ?

ታሪኩ የሚፈጸመው ደሪ በተባለች ከተማ ነው። ይህች ከተማ ደራሲው በሜይን የምትገኘውን የባንጎርን ከተማ አስመስሎ በሐሳቡ የፈጠራት ናት። በ1988 በኦክቶበር ወር፣ ዝናብ በሚያወርድበት ቀን፣ ቢል የተባለ የሚንተባተብ ልጅ ለትንሽ ወንድሙ ለጆርጂ የወረቀት ጀልባ ይሠራለታል፤ ውሃ እንዳያስገባም ሰም ይቀባዋል። ጆርጂ ቢጫ የዝናብ ልብሱን ለብሶ ጀልባውን በጎርፉ ላይ እየነዳ ሲሮጥ፣ ጀልባው የጎርፍ መውረጃ ጉድጓድ ውስጥ ይገባበታል። ወደ ውስጥ ቢመለከት ፊቱን ነጭ የተቀባ የሰርከስ ቀልደኛ፣ ፈረንጆች ክላውን የሚሉት፣ ጀልባውን ይዞ ያነጋግረዋል። ስሙም ፔኒዋይዝ ነው። ጆርጂ ወደ ቤቱ አልተመለሰም።

በሚቀጥለው ዓመት በጋ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ቢልና ስድስት ጓደኞቹ ራሳቸውን «የተሸናፊዎች ማኅበር» ብለው ሰይመው የጠፉትን ልጆች ነገር መከታተል ይጀምራሉ። ጭራቁ በየ27 ዓመቱ ከእንቅልፉ እየነቃ ልጆችን እንደሚበላ፣ ከዚያም ተመልሶ እንደሚተኛ ይደርሱበታል። የራሱ የሆነ አንድ መልክ የለውም፤ ለያንዳንዱ ልጅ የሚመጣው ያ ልጅ በሚፈራው ነገር ተመስሎ ነው።

የፊልሙ ጥንካሬ

የመጀመሪያው ጥንካሬ ያ የጎርፉ ጉድጓድ ንግግር ነው። ምንም ጩኸት የለበትም። ሕፃኑ ልጅና ቀልደኛው ይነጋገራሉ፤ ጆርጂ በቀልዱ ይስቃል፤ ቀልደኛውም ይስቃል። ከዚያ በድንገት የቀልደኛው ሣቅ ይቆማል፤ ዓይኑ ግን ልጁን መመልከቱን አይተውም። ተመልካቹን የሚያንቀጠቅጠው ይህ ጸጥታ ነው። ፔኒዋይዝን ሆኖ የተጫወተው ስዊድናዊው ቢል ስካርስጎርድ በዚህ ላይ ትልቅ ችሎታ አሳይቷል። አንደኛው ዓይኑ ልጁን ሲያይ ሌላው ወደ ጎን የሚሸሽበት ጊዜ አለ፤ ዲሬክተሩ ይህን በኮምፒዩተር ሊሠራው አስቦ ሳለ ተዋናዩ በገዛ ዓይኑ አድርጎ አሳይቶታል። የፊልሙ አዘጋጆችም ልጆቹ ከስካርስጎርድ ጋራ አስቀድመው እንዳይላመዱ፣ አብረው እስኪጫወቱ ድረስ ለይተው አቆይተዋቸዋል ይባላል።

ሁለተኛው ጥንካሬ ፍርሃቱ ከየልጁ ኑሮ የሚወጣ መሆኑ ነው። ኤዲ እናቱ «ታመሃል፤ ትታመማለህ» እያለች በመድኃኒት ያሳደገችው ልጅ ስለ ሆነ ጭራቁ ቁስለኛ ሆኖ ያባርረዋል። ማይክ ወላጆቹ በእሳት ቃጠሎ ስለ ሞቱበት ከበር ጀርባ የሚንፈራገጡ የሚነድዱ እጆች ይታዩታል። ስታን በአባቱ ክፍል የተሰቀለች፣ ፊቷ የተጣመመ የአንዲት ሴት ሥዕል ታስፈራዋለች። ዲሬክተሩ ራሱ በልጅነቱ በቤታቸው የነበረ የሞዲሊያኒ ሥዕል ያስፈራው እንደ ነበረ ተናግሯል። ስለዚህ ጭራቁ ከሰማይ የወረደ እንግዳ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት የወጡት ነገር ነው።

ከሁሉም የበለጠ የተዋጣለት ግን የቤቨርሊ ነገር ነው። ቤቨርሊ ከሰባቱ መካከል ብቸኛዋ ሴት ልጅ ስትሆን የምትኖረው ከክፉ አባቷ ጋራ ነው። አንድ ማታ ከመታጠቢያ ቤቷ የውሃ ማውረጃ የልጆች ድምፅ ትሰማለች፤ ወዲያው ደም እንደ ምንጭ ፈልቆ ግድግዳውንና ጣራውን ያለብሰዋል። አባቷ ጩኸቷን ሰምቶ ይገባል፤ በደሙ መካከል ይቆማል፤ ምንም አያይም! በማግሥቱ ጓደኞቿን ጠርታ ስታሳያቸው ግን ደሙን ሁሉም ያዩታል። ምንም ሳይሉ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ጠርገው ያጸዱታል። በዚህ ቦታ ጭራቅ የለም፤ ጥርስ የለም፤ ጩኸት የለም። ነገር ግን መከራዋን የሚያይላት ሰው ያጣች ልጅ በመጨረሻ «አዎን፣ እኛም እናየዋለን» የሚሏት ጓደኞች ስታገኝ፣ ተመልካቹ በአንድ ጊዜ ይፈራልም፤ ልቡም ይነካል። በኔ አስተያየት ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው።

ዝም አይነቅዝም?

አገራችን «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አላት። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በደሪ ከተማ ግን ዝምታ ነቅዟል፤ ነቅዞም ሸቷል። የፊልሙ ዋና ሐሳብ ይህ ይመስለኛል።

አንዲት ልጅ ስትጠፋ የፍለጋ ማስታወቂያዋ በግንብ ላይ ይለጠፋል። ሌላ ልጅ ሲጠፋ የርሱ ማስታወቂያ በርሷ ላይ ይለጠፍባታል፤ የፊተኛዪቱም ልጅ ትረሳለች። እናቷ ብቻ የትምህርት መዝጊያ ቀን ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆማ፣ ልጆች ሁሉ ሲወጡ ልጇ ከመካከላቸው ትወጣ ይሆናል ብላ ትጠብቃለች። የቢል አባት ስለ ሞተው ልጁ መናገር አይፈልግም፤ ቢል የፍሳሽ ቦዮቹን ካርታ ዘርግቶ ወንድሙን ለመፈለግ ቢሞክር ይቆጣዋል።

ከነዚህም ሁሉ ይልቅ ከአእምሮዬ የማይጠፋው የድልድዩ ነገር ነው። ሄንሪ የተባለው ጉልበተኛ ከነጓደኞቹ ቤን የተባለውን ወፍራም ልጅ ድልድይ ላይ ይዘው ሆዱን በቢላዋ ሲቆርጡት አንድ መኪና ያልፋል። በውስጡ ያሉት ባልና ሚስት ልጁን ያዩታል፤ እርሱም «እርዱኝ» ብሎ ይጮኻል። መኪናው ሳይቆም ያልፋል። በኋላው ወንበር ላይም አንድ ቀይ ፊኛ ብቅ ይላል። ፊኛው የጭራቁ ምልክት ነው። እንግዲህ ጭራቁ ያለው በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ አይተው እንዳላዩ በሚያልፉት በነዚያ ባልና ሚስት መኪና ውስጥም ተሳፍሯል።

እኔ ያን መኪና አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ማታ በታክሲ ስሄድ፣ ሁለት ጎረምሶች በመንገድ ዳር አንድ ሊስትሮ ልጅ ሲደበድቡ አየሁ። ሣጥኑ ተገልብጦ ቀለሙ አስፋልቱ ላይ ፈሶ ነበር። ልጁም ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ታክሲው ውስጥ ከአሥር የማናንስ ሰዎች ነበርን። አንድም «አቁም» ያለ አልነበረም፤ እኔም አላልሁም። ቤቴ ገብቼ ራቴን በላሁ። ይህን የምጽፈው በራሴ ለመፍረድ ብዬ ብቻ አይደለም፤ አንድ የጭራቅ ፊልም ይህን ያህል ዓመት የተኛ ነገር ከቀሰቀሰ፣ «የልጆች ማስፈራሪያ ነው» ተብሎ የሚናቅ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

የፊልሙ ጉድለት

ጥንካሬውን እንዲህ ካየን ጉድለቱንም ሳንሸፍን እንናገር። መቼም አንድን ሥራ የሚያከብር ሰው ጉድለቱንም ይናገራል።

አንደኛ፣ ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንዳለው ጩኸት በዝቶበታል። ጭራቁ ብቅ ባለ ቁጥር ሙዚቃው እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል፤ ጭራቁም አፉን ከፍቶ ወደ ተመልካቹ ይሮጣል። አንድ ሰው ከኋላህ መጥቶ በጆሮህ ቢጮኽብህ ትደነግጣለህ፤ ነገር ግን መደንገጥና መፍራት አንድ አይደሉም። ድንጋጤ ከሰውነት ላይ ወዲያው ይወርዳል፤ ፍርሃት ግን አብሮ ወደ ቤት ይገባል። ፊልሙ ሁለቱንም ያውቃል፤ ይሁን እንጂ በፊተኛው ንግግር ያሳየውን ትዕግሥት ወደ መጨረሻው እየረሳው ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ጭራቁን ከመጠን በላይ ያሳያል። በ1975 ስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» የተባለውን የዓሣ ነባሪ ገዳይ ያህል የሚያስፈራ ሻርክ ያለበትን ፊልም ሲሠራ፣ ሰው ሠራሹ ሻርክ እየተበላሸ ስላስቸገረው ዓሣውን በጥቂቱ ብቻ ለማሳየት ተገደደ፤ ያም ፊልሙን ይበልጥ አስፈሪ አደረገው። ዛሬ ኮምፒዩተር ሁሉንም ነገር መሣል ስለሚችል እንዲህ ያለው ችግር የለም፤ ስለዚህ መቆጠብም ቀርቷል። የስካርስጎርድ ፊት ብቻውን ይበቃ የነበረበት ቦታ በርካታ ሰው ሠራሽ ጥርሶች ይደረደሩበታል። ፊቱ ያስፈራን ነበር፤ ጥርሱ ግን ያስቆጥረናል።

ሦስተኛ፣ ታሪኩ በመካከል እንደ ስም መጥሪያ መዝገብ ይሆናል። አንዱ ልጅ ብቻውን ይሄዳል፤ ጭራቁ ይመጣል፤ ልጁ ይሸሻል። ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቀጥሎ ሦስተኛው። ተመልካቹ ተራው የማን እንደ ሆነ ማወቅ ከጀመረ ፍርሃቱ ይቀዘቅዛል።

አራተኛውና ከባዱ ጉድለት የማይክ ነገር ነው። ማይክ ከሰባቱ መካከል ብቸኛው ጥቁር ልጅ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የከተማዪቱን የክፋት ታሪክ የሚመዘግበው፣ ሌሎቹ ሁሉ ረስተው ሲሄዱ ሳይረሳ የሚቀረው እርሱ ነው። ጥቁር ወታደሮች የሚዝናኑበት ቤት በዘረኞች እንደ ተቃጠለም የሚተርክ ክፍል በመጽሐፉ አለ። በፊልሙ ግን መዛግብት የማገላበጡ ሥራ ለቤን ተሰጥቶ፣ ማይክ በቡድኑ ጫፍ ላይ ቆሞ ይቀራል። የደሪ ታሪክም ደብዝዟል። ይህ ለአንድ ተዋናይ ድርሻ መቀነስ ብቻ አይደለም። ፊልሙ የሚነቅፈው ከተማዪቱ ክፋቷን መርሳቷን ሆኖ ሳለ፣ ትዝታውን የሚጠብቀውን ሰው ራሱ ፊልሙ ረሳው ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ቤቨርሊ ናት። በመጽሐፉ ውስጥ በወንጭፍ የምታነጣጥረውና የብር ጥይት የምትወረውረው እርሷ ናት። በፊልሙም አሮጌው ቤት ውስጥ ጭራቁን በብረት የወጋችው እርሷ ስትሆን፣ ከመጨረሻው ጦርነት በፊት ግን ጭራቁ ይሰርቃታል፤ ወንዶቹም ሊያድኗት ይወርዳሉ፤ ቤንም በመሳም ከሰመመኗ ያነቃታል። ከሁሉ ይልቅ ደፋር የነበረችው ልጅ እንደ ድሮ ተረት ልዕልት ተኝታ የምትጠብቅ ሆነች። እውነቱን ለመናገር ጭራቁ ቤቨርሊን ያልገደላት ስላልፈራችው መሆኑን ፊልሙ ይናገራል፤ ይህ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ የማትፈራን ልጅ ማስተኛት ነበረበት?

ስለ መጨረሻው

የመጨረሻው ጦርነት በከፊል ዱላ መማዘዝ ብቻ ነው። ነገር ግን በመካከሉ ሁለት የሚያስመሰግኑ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ጭራቁ ጆርጂን መስሎ በቀረበ ጊዜ ቢል የሚያደርገው ነው። ወንድሙ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እንባው ግን ይወርዳል፤ እያለቀሰም ለበግ ማረጃ በሚያገለግለው መሣሪያ ይመታዋል። አባቱ ሊናገር ያልቻለውን ሞት ልጁ በዚያች ሰዓት አምኖ ተቀበለ። ሁለተኛው፣ ጭራቁ ቢልን አንቆ ይዞ «ይህን ልጅ ተዉልኝና እናንተ በሰላም ሂዱ» ሲላቸው እምቢ ማለታቸው ነው። የደሪ ትልልቅ ሰዎች ለዘመናት የተቀበሉት ውል ይኸው ነበር፤ ልጆቹ ቀደዱት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በዚህ ቦታ ይፈጸማል።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል በ2019 ወጥቷል። ልጆቹ ከ27 ዓመት በኋላ አድገው የሚመለሱበት ሲሆን ርዝመቱ 169 ደቂቃ ነው። በዚያ ክፍል የመጀመሪያው ፊልም ጉድለት ሁሉ ገንኖ ይታያል፤ ጩኸቱ በዝቷል፤ ተራ መጠበቁ ረዝሟል፤ የልጆቹ ወዳጅነትና ቀልድ ግን የሚታየው ባለፈ ትዝታ ብቻ ነው። ከዚህም የምንረዳው የመጀመሪያውን ፊልም ያቆመው ጭራቁ ሳይሆን ልጆቹ እንደ ነበሩ ነው።

ስለዚህ ፍርዴን ስጠቅልለው፣ «ኢት» ስለ ጩኸት ሳይሆን ስለ ዝምታ ሲናገር ትልቅ ፊልም ነው፤ ጩኸቱን ባመነ ጊዜ ከመሰሎቹ አንዱ ይሆናል። ለመታየት የሚገባው ነው፤ ለሕፃናት ግን አይደለም። በአሜሪካም ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ ሞግዚት እንዳያየው ተወስኗል። ታናናሽ ወንድምና እህት ያላችሁ ተማሪዎች ይህን አስቡበት።

ይህን ሁሉ ስናገር ከቆየሁ በኋላ ወጣቱ ሠራተኛ ዝም ብሎ ያዳምጠኝ ነበር። የታክሲውንም ነገር ነግሬው ነበርና በመጨረሻ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ማታ ታክሲውን ቢያስቆሙት ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር? እነርሱ ጎረምሶች፣ እርስዎ ብቻዎን።»

ጥቂት አሰብሁና፣ «እኔ እንጃ» አልሁት። «ግን ብቻዬን አልነበርሁም፤ ከአሥር የማናንስ ነበርን። እነዚያ ስድስት ልጆችም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ሳሉ ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም ነበር። መጀመሪያ ወረዱ።»